የመካከለኛ ኢንፍራሬድ ሌዘር ጨረሮችን ማጣመር፦ ከጠቅላላ ኃይል ባሻገር

እንደ አሬሮ ባሉ የቦረና ቆላማ አካባቢዎች የአርብቶ አደሩ ዋነኛ ሀብት ከብት ነው። በከብት ሆድ ውስጥ የሚገኙ ረቂቅ ተሕዋስያን መኖን ሲያብላሉ ሚቴን ይፈጥራሉ፤ ጋዙም በአብዛኛው በግሳት ይወጣል። በሰፊ ግጦሽ ላይ የተሰማራን መንጋ አንድ በአንድ መለካት አዳጋች ስለሆነ፣ ጨረርን በሜዳው ላይ አሻግሮ በአየሩ ውስጥ ምን ያህሉ እንደተዋጠ ማንበብ አንዱ አማራጭ ነው። ሚቴን በ3.3 እና በ7.7 ማይክሮሜትር አካባቢ ብርሃንን አጥብቆ ይውጣል። ስለሆነም የሚያስፈልገው ረጅም ርቀት የሚዘልቅ የመካከለኛ ኢንፍራሬድ ሌዘር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1994 በቤል ላቦራቶሪ የተሠራው ኳንተም ካስኬድ ሌዘር በዚህ የሞገድ ክልል የሚሠራ ጥቃቅን የሰሚኮንዳክተር ምንጭ ነው። ይሁን እንጂ ከሚወስደው የኤሌክትሪክ ኃይል አብዛኛው ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ የአንዱን ሌዘር ኃይል ያለገደብ ማሳደግ አይቻልም። ብርሃን አመንጪውን ክፍል ማስፋትም የጨረሩን ጥራት ይቀንሳል። የብዙ ሌዘሮችን ጨረር ማጣመር ያስፈለገው በዚህ ምክንያት ነው።

ጨረሮችን ጎን ለጎን መደርደር ጠቅላላውን ኃይል ቢጨምርም ድምቀትን፣ ማለትም በተወሰነ ስፋትና በተወሰነ የስርጭት ማዕዘን ውስጥ የሚገኘውን ኃይል፣ አይጨምርም። ድምቀትን የሚጨምሩ ሦስት ስልቶች አሉ። የመጀመሪያው በፖላራይዜሽን ማጣመር ሲሆን ከሁለት ጨረሮች አያልፍም። ሁለተኛው የሞገዶቹን ፌዝ አስተካክሎ ማጣመር ነው፤ አራት እኩል ጨረሮች በሩቅ ርቀት፣ በመሃል ላይ የአንዱን 16 እጥፍ ጥንካሬ ሊሰጡ ይችላሉ። ነገር ግን የአንድ ሞገድ ርዝመት ክፍልፋይ ያህል መዛነፍ ውጤቱን ያበላሻል። ሦስተኛው እያንዳንዱን ሌዘር በተለያየ የሞገድ ርዝመት ማሠራት ነው፤ በተለያየ ማዕዘን የሚመጡትን ጨረሮች ግሬቲንግ ወደ አንድ አቅጣጫ ይመራቸዋል። ይህ ስልት ፌዝን መቆጣጠር አይጠይቅም።

የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲና የኤም አይ ቲ ሊንከን ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 በሦስተኛው ስልት የ28 ኳንተም ካስኬድ ሌዘሮችን ጨረር በአንድ መንገድ አስኪደዋል። የድርድሩ የጨረር ጥራት 21 ጊዜ ተሻሻለ፤ የአይሶፕሮፓኖልንም የመዋጥ ስፔክትረም ከ6 ሜትር ርቀት መዝግበዋል።

የስልቱ ምርጫ ግን ከመለኪያው ዓላማ መነሳት አለበት። የሚቴን የመዋጥ መስመሮች ጠባብ በመሆናቸው በብዙ የሞገድ ርዝመቶች ከተከፋፈለው ኃይል ለአንዱ መስመር የሚያገለግለው ጥቂቱ ነው። በሌላ በኩል አንዱ ሌዘር በመስመሩ ላይ፣ ሌላው ከመስመሩ ውጭ፣ ሌሎቹም በውኃ ተን መስመሮች ላይ ሆነው አንድኑ አየር ማቋረጣቸው ንጽጽርን አስተማማኝ ያደርጋል። አንድን መስመር ብቻ በሩቅ ለመለካት ከተፈለገ ፌዝን የማስተካከል ድካም ተገቢ ይሆናል። ስለዚህ ምንጭ ሲመረጥ መጠየቅ ያለበት ጠቅላላው ዋት ሳይሆን በሚፈለገው የሞገድ ርዝመት ዒላማው ላይ የሚደርሰው ዋት ነው። በቆላ ሙቀት ለማቀዝቀዣ የሚወጣውም ኃይል ከዚሁ ስሌት ሊገባ ይገባል።