15 ኩባያ የሰበረና አንድ ኩባያ የሰበረ

ሁለት ልጆች ናቸው። አንደኛው ለምግብ ተጠርቶ በሩን ገፋ ሲያደርግ፣ ከበሩ ጀርባ ወንበር ላይ 15 ኩባያ የያዘ ትሪ ነበርና ሁሉም ወድቀው እንክትክታቸው ወጣ። ልጁ ትሪው እዚያ መኖሩን አያውቅም። ሁለተኛው እናቱ ከቤት እስክትወጣ ጠብቆ፣ ማርማላታ ሊሰርቅ ወንበር ላይ ተንጠላጠለ፤ እጁን ሲሰድ አንድ ኩባያ ጥሎ ሰበረ። የቱ ይበልጥ አጠፋ?

ይህን ጥያቄ ለልጆች ያቀረበው ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ ነው፤ መልሶቻቸውንም እ.ኤ.አ. በ1932 በመጽሐፍ አውጥቷል። ትንንሾቹ ብዙውን ጊዜ 15 የሰበረው ይብሳል አሉ። ዘጠኝና ዐሥር ዓመት ገደማ የሆናቸው ግን ልጁ ምን አስቦ እንደነበር ይጠይቁ ጀመር። ፒያዤ ጣቱን ወደ ወላጆችም ቀስሯል፤ ቁጣቸው በተሰበረው ዕቃ ብዛት ልክ ከሆነ ልጁም የሚማረው ያንኑ ነው። በእኛስ ቤት ረከቦት ሙሉ ሲኒ የገለበጠ ልጅ አውቆ ይሁን ሳያውቅ መጀመሪያ ማን ይጠይቀዋል?

እኔን ይበልጥ የሚጥመኝ ስለ ብይ ጨዋታ ያደረገው ጥናት ነው። ፒያዤ በጄኔቫና በኑሻቴል ልጆች ዘንድ እየሄደ፣ ጨዋታውን እንደማያውቅ ሰው አስተምሩኝ ይላቸዋል፤ ከዚያ ሕጉን ማን አወጣው? መቀየርስ ይቻላል? እያለ ይጠይቃል። ትንንሾቹ ሕጉ ከአባቶች የመጣ ስለሆነ አይነካም ይላሉ፤ ሲጫወቱ ግን እያንዳንዱ በየፊናው ነው፣ ሁሉም ያሸንፋል። ከፍ ያሉት ሁላችንም ከተስማማን ይቀየራል ይላሉ፤ ሕጉን አጥብቀው የሚያከብሩትም እነሱው ናቸው። ለውጡን ያመጣው በአብዛኛው ከእኩያ ጋር መጫወቱ ነው ባይ ነው ፒያዤ። አባት «በቃ!» ሲል ክርክሩ ያበቃል። ጓደኛ ግን «አልነካህም፣ ድገም» ሲል ማስረዳት፣ ማሳመን፣ አንዳንዴም መተው ግድ ይላል።

ከእሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ትንንሾቹን አሳንሶ አይቷቸዋል ብለው ተችተውታል፤ እውነታቸውን ነው። በኩባያው ታሪክ የጉዳቱ መጠንና የልጁ ሐሳብ አንድ ላይ ተደባልቀዋል። ጉዳቱ እኩል ሆኖ ሐሳቡ ብቻ ሲለያይ፣ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችም ብዙዎቹ ልዩነቱን ያያሉ። እንዲያውም ፊሊክስ ዋርነከንና ማይክል ቶማሴሎ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት፣ ልብስ የሚያሰጣ ሰው መቆንጠጫው አምልጦት ሲወድቅና እጁን ዘርግቶ አልደርስ ሲለው፣ የ18 ወር ሕፃናት አንስተው ያቀብሉት ነበር። ሆን ብሎ ሲጥለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይሉታል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤልየት ቱሪየል ደግሞ ሌላ ነገር አስተዋለ። ልጆች ገና በመዋዕለ ሕፃናት ሳሉ የክፍል ደንብንና በደልን ለይተው ያያሉ። መምህሯ ብትፈቅድ ከራስ ቦታ ውጭ መቀመጥ ይቻላል ይላሉ፤ መምህሯ ብትፈቅድ ጓደኛን መምታትስ? አይቻልም፣ ያመዋል። እኛ በግራ እጁ የጎረሰውንም ታናሹን የነከሰውንም በአንድ «ነውር ነው!» እንገሥጻለን። ልዩነቱን ልጁ ራሱ ያበጥራል እንጂ እኛ ብዙም አላገዝነውም።

ሌላው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ማርቲን ሆፍማን ልጅን በመገሠጽ ጉዳይ ላይ ረጅም ጊዜ ሠርቷል። ልጅ ሲያጠፋ ድርጊቱ በሌላው ላይ ያደረሰውን ማሳየት፣ «እየው፣ አሞት እያለቀሰ ነው» ማለት፣ ከዱላና ከማኩረፍ ይልቅ ልብ ውስጥ ይቀራል ይላል። ሆፍማን ግን ለስላሳ ምክር ብቻውን ይበቃል አላለም። ልጁ ቆም ብሎ እንዲሰማ ትንሽ ጠንከር ማለት ያስፈልጋል፤ ቁጣው ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ልጁ የሚያስበው ስለ ተነከሰው ታናሹ መሆኑ ቀርቶ ከዱላው እንዴት እንደሚያመልጥ ይሆናል።