የጌም ማጫወቻው ጌም ሲያወርድ ለምን ይንቀራፈፋል?

በሰከንድ 300 ሜጋቢት ያደርሳል የተባለ ኢንተርኔት በገባበት ቤት፣ በስልክ ሲለካም ፍጥነቱ እንደተባለው ሆኖ ሳለ፣ ለልጆች የተገዛው ፕሌይስቴሽን አንድ ጌም ለማውረድ 14 ሰዓት እንደሚቀረው ሲያሳይ ማየት ለብዙ ቤተሰቦች እንግዳ ነገር አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚደረገው ለአገልግሎት ሰጪው ድርጅት ደውሎ መቆጣት ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ በየወሩ ተጨማሪ ገንዘብ ከፍሎ ወደ ላቀ ፍጥነት መዛወር። ገንዘቡ ይወጣል፤ ሰዓቱ ግን እምብዛም አይቀንስም። ማነቆው ብዙ ጊዜ ያለው እስከ ቤቱ በሚደርሰው መስመር ላይ ሳይሆን ከዚያ ወዲህ ወይም ከዚያ ወዲያ ነውና።

አስቀድሞ ሂሳቡን ማጥራት ያሻል። የኢንተርኔት ድርጅቶች ፍጥነትን የሚሸጡት በሜጋቢት ሲሆን የጌም መጠን የሚነገረው ግን በጊጋባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት በመሆኑ፣ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ማለት በሰከንድ 12.5 ሜጋባይት ማለት ነው። 100 ጊጋባይት የሚመዝን ጌም በዚህ ፍጥነት ያለ አንዳች እንከን ቢወርድ 8,000 ሰከንድ፣ ማለትም 2 ሰዓት ከ13 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። በ20 ሜጋቢት ከሆነ ከ11 ሰዓት ያልፋል። ይህን ያህል የሚመዝኑ ጌሞች ደግሞ ዛሬ ብርቅ አይደሉም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 ለፕሌይስቴሽን 4 በአንድ ብሉሬይ ዲስክ አልበቃ ብሎ በሁለት ዲስኮች ቀርቦ ነበር። ዲስክ መግዛትም ቢሆን ከማውረድ ፈጽሞ አይገላግልም፤ ማሻሻያዎቹ የሚመጡት በኢንተርኔት ነው።

ከሂሳቡ በላይ የሆነ መዘግየት ሲያጋጥም ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። መረጃ በኢንተርኔት የሚጓዘው በትናንሽ እሽጎች ተከፋፍሎ ነው። ተቀባዩ መሣሪያ ለላኪው ሰርቨር ልክ ያስቀምጥለታል፤ ይህን ያህል ላክ፣ መድረሱን ሳላረጋግጥልህ ከዚህ በላይ አትላክ እንደ ማለት ነው። ይህ ልክ በሙያው ቋንቋ የመቀበያ መስኮት ይባላል። ነገሩ ከመርካቶ ወደ ደሴ ስኳር የሚያስመጣን ነጋዴ ይመስላል። ነጋዴው በአንድ ጊዜ ከአሥር ኩንታል በላይ አልረከብም፣ የርክክቡ ደረሰኝ መርካቶ ሳይደርስም ሌላ አይጫን ቢል፣ መንገዱ ስድስት መኪና ጎን ለጎን የሚያሳልፍ ሆኖ ቢሠራ እንኳ ደሴ የሚገባው ስኳር አይጨምርም። ወሳኙ የጭነቱ መጠንና የደርሶ መልሱ ጊዜ ነው።

በቁጥር ሲታይ ነገሩ ይበልጥ ይገርማል። መስኮቱ 128 ኪሎባይት፣ ደርሶ መልሱ 50 ሚሊሰከንድ ቢሆን በሰከንድ 20 ምልልስ ይደረጋል፤ ይህም 20 ሜጋቢት ገደማ ነው። ሰርቨሩ ርቆ ደርሶ መልሱ 200 ሚሊሰከንድ ከሆነ ፍጥነቱ ወደ 5 ሜጋቢት ይወርዳል። ቤቱ የገዛው 300 ሜጋቢት ይሁን 1,000፣ ለውጥ የለውም።

እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ የኔትወርክ ባለሙያ የፕሌይስቴሽን 4ን ግንኙነት ፈትሾ ያገኘው ይህንኑ ነው። አንድ ጌም ወይም መተግበሪያ ክፍት ከሆነ፣ ተጫዋቹ ትቶት ወደ ዋናው ገጽ ቢመለስ እንኳ፣ ማሽኑ ከመደብሩ ለሚወርዱ ፋይሎች የመቀበያ መስኮቱን በእጅጉ ያጠበዋል። በኦንላይን ጨዋታ ጊዜ ደግሞ የባሰ ይጠባል። ጌሙ ሲዘጋ መስኮቱ ተመልሶ ይሰፋል። ይህ ብልሽት አይመስልም። ከሌላ ተጫዋች ጋር በሚደረግ ፍልሚያ የሰከንድ ሽራፊ መዘግየት አሸናፊውን ሊለውጥ ስለሚችል፣ ማውረዱ ለጨዋታው መንገድ እንዲለቅ ማድረግ ምክንያታዊ ነው። የሚያስወቅሰው ማሽኑ ይህን ሲያደርግ ለባለቤቱ አንድም ቃል አለመተንፈሱ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በዋናው ገጽ ላይ የጌሙን ምስል መርጦ በመቆጣጠሪያው ላይ ያለውን ኦፕሽንስ የተባለ ቁልፍ መጫንና ጌሙን መዝጋት። የኤክስቦክስ አምራች ማይክሮሶፍት በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2021 ማውረዱን ለማፋጠን የተከፈተውን ጌም ለጊዜው የሚያቆም ቁልፍ በማውረጃው ገጽ ላይ አክሏል።

ርቀት ራሱን የቻለ ዕዳ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎሜትር ገደማ ይጓዛልና አህጉር አቋርጦ መመለስ ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህም ኩባንያዎቹ የጌሞቹን ቅጂ በየአካባቢው በሚገኙ ሰርቨሮች ያስቀምጣሉ። ተጠቃሚው ወደ የትኛው ሰርቨር እንደሚመራ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ዲኤንኤስ የተባለው የኢንተርኔት አድራሻ ማውጫ ነው። በዱባይ ወይም በሪያድ የሚኖር ሰው ከወዳጅ ወይም ከቪዲዮ የቀዳውን የዲኤንኤስ ቁጥር ማሽኑ ላይ ቢያስገባ፣ ጎረቤት ያለው ሰርቨር ታልፎ ባሕር ማዶ ወዳለው ሊላክ ይችላል። እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ካለ ቅንብሩን ወደ አውቶማቲክ መመለስ ይበጃል።

ዋይፋይም የራሱ ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 4 የሚያውቀው 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለውን ሞገድ ብቻ ነው። በዚህ ሞገድ ላይ እርስ በርስ የማይነካኩ መስመሮች ሦስት ብቻ ሲሆኑ፣ ብሉቱዝና የማይክሮዌቭ ምድጃም እዚያው ይሠራሉ። በዋሽንግተን ዙሪያ እንዳሉት ባለብዙ ፎቅ አፓርታማዎች የየጎረቤቱ ራውተር በሚጮህበት ሕንፃ ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። በ2016 የወጡት ስሊምና ፕሮ ሞዴሎች 5 ጊጋኸርዝንም ይቀበላሉ። ከሁሉም የሚሻለው ግን ኬብል ነው። የመጀመሪያው ኒንቴንዶ ስዊች ማስቀመጫ የኬብል መሰኪያ ስለሌለው በዩኤስቢ የሚሰካ መለወጫ ይፈልጋል፤ በ2021 የወጣው የኦሌድ ሞዴል ማስቀመጫ ግን መሰኪያ አለው። ኬብልም ቢሆን ይመረመር። በውስጡ ካሉት ስምንት ሽቦዎች አንዱ ቢበጠስ ግንኙነቱ ሳይቋረጥ፣ ማንም ሳያውቅ ከ1,000 ወደ 100 ሜጋቢት ሊወርድ ይችላል።

አንዳንዴ ደግሞ ማውረዱ አልቆ የሚጓተተው ሃርድ ዲስኩ ነው። በፕሌይስቴሽን 4 ላይ ከማሻሻያ በኋላ የሚታየው የመቅዳት ሥራ ከኢንተርኔት ጋር ግንኙነት የለውም።

ከቤት ውጪ ያለው ምክንያት ሁሉም ሰው ኢንተርኔት የሚጠቀምበት የምሽት ሰዓትና ተወዳጅ ጌም የሚወጣበት ዕለት ነው። በመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ.፣ ዓለም በኮሮና ምክንያት ቤቱ ሲከተት፣ ሶኒ መጀመሪያ በአውሮፓ ቀጥሎም በአሜሪካ የጌም ማውረጃ ፍጥነትን እንደሚገታ በይፋ አስታውቆ ነበር።

እንግዲህ ተጨማሪ ክፍያ ከመፈጸም በፊት ጌሙን ዘግቶ፣ ማሽኑን በኬብል አገናኝቶ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ መሞከር ይገባል። ይህም ካልረዳ ኮምፒውተርን በቀጥታ ከሞደሙ ጋር በኬብል አያይዞ መለካት ነው። እዚያም ቁጥሩ ከተከፈለበት በእጅጉ ካነሰ፣ ለአገልግሎት ሰጪው ድርጅት የሚደወልበት ጊዜ ያኔ ነው፤ ቅሬታውም የተለካበት ቀን፣ ሰዓትና ቁጥር ተጽፎ ይቀርባል።