ገንዘቡ አለ፣ ቁልፉ ጠፍቷል

ቃሊቲ ከሚገኙት ማደያዎች በአንዱ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ረጅም ወረፋ ጠብቆ ናፍጣ ሊቀዳ ደረሰ እንበል። ስልኩን አውጥቶ የሚስጥር ቁጥሩን ቢያስገባ ስህተት ነው ይለዋል። ደግሞ ሞከረ፤ አሁንም ስህተት። በመጨረሻ ሒሳቡ ተቆለፈ። ከኋላው የተሰለፉት ጥሩምባ ያሰማሉ። ኪሱ ውስጥ ጥሬ ገንዘብ ቢኖረውም አያድነውም፤ በአዲስ አበባ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ክፍያ በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም ተደርጓልና።

ችግሩ የሾፌሩ ብቻ አይደለም። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ሳፋሪኮም ደግሞ ኤም-ፔሳን በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሥራ ካስጀመሩ ወዲህ፣ የአቃቂው እህል ነጋዴም ሆነ የቃሊቲው መለዋወጫ ቸርቻሪ የካዝናውን ከፊል ወደ ስልኩ አዛውሯል። የብረት ካዝና ቁልፍ ቢጠፋ ቁልፍ ሠሪ ይጠራል። የስልኩ ካዝና ሲቆለፍስ ማን ይጠራል?

አንዳንድ የክፍያ አገልግሎቶች ለዚህ ቀን ብለው በምዝገባ ወቅት የእናት ስም፣ የትውልድ ቦታ ወይም የመጀመሪያ ትምህርት ቤት ይጠይቃሉ። ይሁንና መልሱን የሚያመሳክረው ኮምፒዩተር ነው፤ ኮምፒዩተር ደግሞ ፊደል እንጂ ሰው አያውቅም። ፀሐይ የሚለውን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል አንዱ በ«ቲ»፣ ሌላው በ«ኤስ» ይጀምረዋል። የልደት ዘመኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር አስመዝግቦ በፈረንጅ አቆጣጠር የሚመልስም የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ይገጥመዋል። የእናቱን ስም የሚያውቅ ሰው በእናቱ ስም ይወድቃል ማለት ነው።

እንዲህ ሲሆን ደጋግሞ መገመት አይጠቅምም። ገንዘቡ ግን አልጠፋም። የሞባይል ገንዘብ አቅራቢዎች የደንበኞቻቸውን ገንዘብ በባንክ ለይተው እንዲያስቀምጡ የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ያስገድዳል። የጠፋው የባለቤትነት ማረጋገጫው ነው። ስለዚህ አገልግሎቱን ወደሚሰጠው ድርጅት መደበኛ የስልክ ቁጥር መደወል፣ ካልሆነም መታወቂያና ሲም ካርድ ይዞ ወደ ማዕከሉ መሄድ ይበጃል።

ዋናው ጣጣ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሲም ካርዱ በወንድም፣ በአሠሪ ወይም በቀድሞ ሸሪክ ስም የወጣ ከሆነ፣ ገንዘቡን ያስገባው ሌላ፣ በመዝገብ ላይ ያለው ባለቤት ሌላ ሆኖ ይገኛል። ሠራተኛውም በመዝገቡ ካልሄደ የማንም ሰው ሒሳብ ለማንም ይከፈታል።

ይህን ጭንቀት የሚጠብቁም አሉ። «ከመሥሪያ ቤቱ ነው የምንደውለው፣ ሒሳብዎን እንክፈትልዎ» ብለው የሚስጥር ቁጥር ወይም በመልእክት የደረሰ ኮድ ይጠይቃሉ። የድርጅቱ ሠራተኛ ሒሳብ ለመክፈት የደንበኛውን የሚስጥር ቁጥር አያስፈልገውም፤ የጠየቀ ሁሉ ሌባ ነው ብሎ ስልኩን መዝጋት ነው።

ነጋዴው ዛሬውኑ ሊያደርገው የሚችለው ጥቂት ነው፤ ሲም ካርዱን በራሱ ስም ማዞር፣ ስሙ በመታወቂያውና በመዝገቡ ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን ማየት፣ የሰጠውን መልስ በጻፈበት ፊደል ገልብጦ ቤቱ ማስቀመጥ፣ የዕለት መንቀሳቀሻውንም በአንድ ሒሳብ ብቻ አለመያዝ። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ እንዲሉ፣ ቁልፉ የሚፈተሸው ማደያ ከመድረስ በፊት ነው።