የሚለመጥ ክንፍ፦ የሄሊዮስ ታሪክ



በቦይንግ 787 ተሳፍሮ በመስኮት የተመለከተ ሰው፣ አውሮፕላኑ ሲነሣ የክንፉ ጫፍ ወደ ላይ ቀና ማለቱን ያያል። ሊሰበር ነው ብሎ የሚደነግጥም አይጠፋም። አይሰበርም፤ እ.ኤ.አ. በ2010 መሬት ላይ በተደረገ ፈተና 7.6 ሜትር ያህል ወደ ላይ ተለምጦ ችሏል።

የሚለመጥ ክንፍ ለምን ተፈለገ? ረጅምና ቀጭን ክንፍ የአየርን ጉተታ ስለሚቀንስ ነው። እንዲህ ያለው ክንፍ ደግሞ መለመጡ አይቀርም፤ ግትር እናድርገው ካልን ክብደቱ ይጨምርና ያተረፍነውን መልሶ ይበላዋል። ጣጣው ግን እዚህ ላይ ነው፦ ክንፍ ሲለመጥ ቅርጹ ይለወጣል፤ ቅርጹ ሲለወጥ አየሩ የሚያሳርፍበት ኃይል ይለወጣል፤ ኃይሉም መልሶ ቅርጹን ይለውጣል። ይህን ዙር የሚያጠናው ዘርፍ ኤሮኢላስቲሲቲ ይባላል።

የናሳው ሄሊዮስ ይህን ከማንም በላይ ያሳየናል። አብራሪ ያልነበረው፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 75 ሜትር የሚደርስ ክንፍ ብቻ የሆነ አውሮፕላን ነበር። በ2001 ከ29 ኪሎ ሜትር በላይ ወጥቷል። ያኔ ክብደቱ በክንፉ ርዝመት ተከፋፍሎ ነበር። አሥር ሰው ተደርድሮ አንድ ረጅም ቀርከሃ ሲሸከም አስቡት፤ ጭነቱ እኩል ከተበተነ ቀርከሃው ቀጥ ይላል። መሃሉ ላይ ከባድ ጆንያ ብታንጠለጥሉ ግን መሃሉ ይሰምጣል፣ ጫፎቹ ወደ ላይ ይነሣሉ።

ሄሊዮስ ሌሊቱንም እንዲበር ተፈልጎ በ2003 በሃይድሮጅን የሚሠራ ከባድ ፊውል ሴል መሃሉ ላይ ተሰቀለበት፤ የሃይድሮጅን ታንኮቹም ወደ ሁለቱ ጫፎች ገደማ ተቀመጡ። ክብደቱ በሦስት ቦታ ተከማቸ ማለት ነው። ሰኔ 26 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. ከሃዋይዋ የካዋይ ደሴት ተነሥቶ ግማሽ ሰዓት ያህል እንደበረረ ነውጠኛ አየር ገጠመው። ክንፉ እንደ ደጋን ጎበጠ፤ ጎብጦም ቀረ። በዚያ ቅርጽ አፍንጫው ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ፤ የፍጥነቱ መዋዠቅ በየዙሩ እጥፍ ገደማ እየሆነ ሄደ። ፍጥነቱ ከተፈቀደለት ሲያልፍ የዳር ክንፎቹ የፊት ጠርዝ ተሰባበረ፣ የፀሐይ ሴሎቹና ሽፋኑ ተገነጣጠሉ፣ አውሮፕላኑ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ወደቀ።

በኔ እይታ አስገራሚው ይህ ነው፦ መጉበጡ ብቻውን ክንፉን አልሰበረውም። የጎበጠው ክንፍ ግን መሐንዲሶቹ ያሰሉት አውሮፕላን አልነበረም፤ በሌላ ቅርጽ የሚበር ሌላ አውሮፕላን ሆኖ ነበር። በ2004 የወጣው የናሳ የምርመራ ዘገባ፣ በቂ የስሌት ዘዴ ባለመኖሩ የክብደቱ ለውጥ የሚያመጣው አደጋ በትክክል እንዳልተገመተ ገልጿል። ምክሩም የአየሩን ኃይል፣ የክንፉን መለመጥና የበረራ ቁጥጥሩን አንድ ላይ፣ ከቅጽበት ወደ ቅጽበት የሚከታተል ስሌት እንዲዘጋጅ ነበር።