ኤሲ ሲከፈት ሞተሩ ለምን ይንቀጠቀጣል?

አዳማ ላይ መኪና ስጠግን አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሚያዝያ ከገባ ጀምሮ ከአዲስ አበባ የሚወርዱ መኪኖች አንድ ዓይነት ቅሬታ ይዘውልኝ ይመጣሉ፤ «ቆሜ ኤሲ ስከፍት ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም ይጠፋል።» ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት አዲስ አበባ ውስጥ መስኮት ዝቅ ማድረግ ይበቃል፤ ኤሲውን ዓመቱን ሙሉ የማይነካው ብዙ ነው። መተሐራንና አዋሽን ሲያይ ያስታውሰዋል፤ ተደብቆ የኖረው ችግርም ያኔ ይወጣል።

ባለፈው ግንቦት አንዲት ወጣት እናቷን ይዛ ወደ ድሬዳዋ ስትሄድ ከአዋሽ ተመልሳ መጣች። መኪናዋ ትንሽ አውቶማቲክ ናት። «ጋሼ፣ ፍተሻው ጋ ቆሜ ሁለቴ ጠፋችብኝ» አለችኝ። እናትየው ኋላ ተቀምጠው በነጠላቸው ጫፍ ያራግባሉ። «ልጄ፣ ሞተሩ ተቃጥሎ ይሆን?»

ኮፈኑን ከፍቼ ሞተሩን አስነሳኋት። ኤሲው ሳይከፈት ሚኒሞው፣ ማለትም ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት፣ በደቂቃ 1,000 ዙር ላይ ነበር። ሞተሩ ለሞቀ እንዲህ ዓይነት መኪና 700 አካባቢ ይበቃው ነበር። ፍሬን ይዛ ማርሹን ዲ ላይ ስታደርገው መኪናዋ ወደ ፊት ዘለል አለች። ኤሲውን ስትከፍተው ከኮምፕሬሰሩ ፊት «ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ የዙር ቆጣሪው ወደ 500 ወረደ፣ ኮፈኑ ተንዘፈዘፈ፣ ጠፋች።

ያ «ቀጭ» የኮምፕሬሰሩ ፍሪሲዮን ነው። ኮምፕሬሰር የራሱ ጉልበት የለውም፤ በቤልት ሞተሩ ነው የሚያዞረው። ኤሲው ሲዘጋ ፑሌጃው ብቻውን በባዶ ይዞራል። ሲከፈት ማግኔት ፊት ለፊት ያለውን ሳህን ስቦ ከፑሌጃው ጋር ያጣብቀዋል፤ ጋዙን የመጭመቁ ሥራ በሙሉ በአንዴ ሞተሩ ላይ ይወድቃል። ሚኒሞ ላይ ያለ ሞተር ደግሞ የሚያመነጨው ራሱንና ዲናሞውን የሚያዞርበትን ያህል ነው። ባዶ እጁን የቆመ ተሸካሚ ጀርባው ላይ ድንገት ጆንያ ሲጫንበት ጉልበቱ እጥፍ ብሎ መልሶ ይቀናል። ጤነኛ ሞተርም እንደዚያው ለቅጽበት ዝቅ ይልና ወደ 800 ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ ይረጋል። ለዚች ለአንድ አፍታ መንቀጥቀጥ ማንም መደንገጥ የለበትም።

ይህ ፍሪሲዮንም ቢሆን ከመጀመሪያው አልነበረም። በፋብሪካ ኤሲ ተገጥሞለት ለገበያ የቀረበው የአሜሪካው ፓካርድ፣ በፈረንጅ የ1940 ሞዴል፣ ኮምፕሬሰሩን የሚያላቅቅበት ነገር አልነበረውም። ኤሲውን ጨርሶ ማቆም የፈለገ ሰው ሞተር አጥፍቶ ቤልቱን በእጁ ያወልቅ ነበር።

ሞተሩን መልሶ የሚያቃናው አየር ነው። ኤሲው ሲከፈት ኮምፒውተሩ ለሚኒሞ የተሠራችውን ትንሽ ቫልቭ ያሰፋል፣ አየር ይጨመራል፣ ቤንዚኑም ይከተላል። አዳዲሶቹ መኪኖች ይህን የሚያደርጉት ትሮትሉን ራሱን ከፈት በማድረግ ነው። የአየር ቱቦውን ፈትቼ በባትሪ ሳበራበት የትሮትሉ ዙሪያ ጥቁር የዘይት ጥቀርሻ ይዟል፤ ቫልቯም ተጣብቃ አትንቀሳቀስም። ያን ጊዜ ነው የትሮትሉን ማቆሚያ ብሎን ያየሁት። የፋብሪካው ቀለም በካቻቢቴ ተፍቋል። «አምና ሌላ ጋራዥ ሚኒሞውን ከፍ አድርገውልኝ ነበር» አለች።

ይህ ነገር ያናድደኛል። ብሎኑ ሲጠብቅ መንቀጥቀጡ ለጊዜው ይቀንሳል፣ ደንበኛው ደስ ብሎት ከፍሎ ይሄዳል። ጥቀርሻው ግን እዚያው ነው። መኪናዋ በቆመች ቁጥር ቤንዚን ያለ ሥራ ይነድዳል፣ ዲ ላይ ስትገባ ትዘላለች፤ ከፊቷ ሕፃን ቆሞ ቢሆንስ?

አዋሽ ላይ የባሰውም በምክንያት ነው። አየሩ ሲግል ኮንደንሰሩ ሙቀቱን ማስወጣት ያቅተዋል፣ የጋዙ ግፊት ይጨምራል፣ ኮምፕሬሰሩም ይከብዳል። መኪና ስትቆም ደግሞ ነፋስ የለም፤ ቬንቲሌተሩ ብቻ ነው ያላት፣ የእሱም መብራት የሚመጣው ከዚያው ከሞተሩ ነው።

ወደ ጋራዥ ከመሄዳችሁ በፊት ቆጣሪውን እዩ። ከወረደ በኋላ ካልተመለሰ መጀመሪያ የአየሩን መንገድ አስፈትሹ። ዙሩ 800 ላይ ረግቶ ወንበሩ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የሞተር ሱፖርቱ ደክሞ ይሆናል። «ቀጭ፣ ቀጭ» እያለ በየጥቂት ሰከንዱ የሚያያዝና የሚለቅ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጋዝ አንሶት ነው። ጋዝ አለልክ ሲሞላም ኮምፕሬሰሩን ያከብደዋል፤ ስለዚህ «ትንሽ ጨምርበት» አትበሉ፣ አስለኩት። አዲስ አበባ የምትኖሩም በየሳምንቱ ለጥቂት ደቂቃ ክፈቱት፤ የኮምፕሬሰሩ ዘይት ይዘዋወራል፣ የማሸጊያ ጎማዎቹም አይደርቁም።

ቫልቯንና ትሮትሉን አጥቤ፣ ብሎኑን ወደ ቦታው መልሼ፣ ኮምፒውተሩ አዲሱን ሚኒሞ እንዲለምድ ሞተሩን ለትንሽ ጊዜ እንዲሠራ ተውኩት። ከዚያ ፍሬን አስይዤ ዲ ላይ አስገባኋትና ኤሲ አስከፈትኳት። ቀጭ። ቆጣሪው ዝቅ አለና 800 ላይ ቆመ። እናትየው ነጠላቸውን አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አኖሩና መስኮቱን እንድዘጋላቸው ጠየቁኝ።