የውሻ ክርን በራጅ ሲነበብ

ትልልቅ ዝርያ ያላቸው ውሾች ገና በወጣትነታቸው የፊት እግራቸውን ማነከስ ሲጀምሩ የእንስሳት ሐኪም ቀድሞ ከሚጠረጥራቸው ቦታዎች አንዱ ክርን ነው። ውሻ ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉን የሚሸከመው በፊት እግሮቹ ስለሆነ፣ በዚህ መገጣጠሚያ ላይ የሚፈጠር የሁለትና የሦስት ሚሊ ሜትር ጉድለት እንኳ በእያንዳንዱ እርምጃ እየተጫነ ልም አጥንቱን ያበላሸዋል። ልም አጥንት የሚባለው የአጥንቶችን ጫፍ የሚሸፍንና አጥንት ከአጥንት ሳይፋተግ እንዲንሸራተት የሚያደርግ ለስላሳ ሽፋን ነው። ጉዳቱን ለማጣራት በአብዛኛው በመጀመሪያ የሚታዘዘው ምርመራ ራጅ ቢሆንም፣ ራጅ ብዙ ጊዜ የሚያሳየው በሽታውን ራሱን ሳይሆን በሽታው በአጥንት ላይ የተወውን አሻራ ነው። ስለዚህ የምርመራውን ዋጋ የሚወስነው ከመሣሪያው ዘመናዊነት ይልቅ እግሩ የተያዘበት አኳኋንና ምስሉን የሚያነበው ሐኪም ጥንቃቄ ነው።

ክርን የሦስት አጥንቶች መገናኛ ነው፤ ከላይ ሁመረስ የተባለው የላይኛው ክንድ አጥንት፣ ከታች ደግሞ ጎን ለጎን የሚወርዱት ራዲየስና አልና። መገጣጠሚያው ከሞላ ጎደል እንደ በር ማጠፊያ ይሠራል፤ የሁመረስ ክብ ጫፍ በአልና ላይ ባለው ግማሽ ክብ ጎድጓዳ ውስጥ ይዞራል፣ ራዲየስ ደግሞ ከፊት በኩል ሆኖ አብዛኛውን ጫና ይቀበላል። ቡችላው በፍጥነት በሚያድግባቸው ወራት ራዲየስና አልና እኩል ካልረዘሙ፣ ወይም የአልና ጎድጓዳ ከሁመረስ ጋር በልኩ ካልገጠመ፣ ጫናው ሊሸከሙት በማይችሉ ጠባብ ቦታዎች ላይ ይከማቻል። ከዚህና ከመሰል የእድገት መዛባቶች የሚመነጩት ችግሮች በአንድነት የክርን ዲስፕላዥያ ይባላሉ፤ ዲስፕላዥያ ማለት የተዛባ እድገት ነው። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ በውስጡ የያዛቸው ጉዳቶች የተለያዩ ናቸው። አንደኛው ኮሮኖይድ የሚባለው ከአልና በውስጥ በኩል የሚወጣ ትንሽ የአጥንት ጉጥ ሲሰነጠቅ ወይም ሲሰበር የሚከሰተው ነው። ሌላው አንኮኒያል የሚባለው በአልና ጀርባ ያለ መንቁር መሰል ጉጥ ከዋናው አጥንት ጋር ሳይጋጠም ሲቀር የሚፈጠር ነው። በሁመረስ ውስጠኛ ጫፍ ላይ ያለው ልም አጥንት ከሥሩ ካለው አጥንት ተላቆ የሚነሣበት ሁኔታም አለ፤ የሦስቱ አጥንቶች አለመግጠም ደግሞ ለብቻውም ሆነ ከነዚህ ጋር ተደርቦ ሊገኝ ይችላል።

በሽታው በላብራዶር፣ በጎልደን ሪትሪቨር፣ በሮትዋይለር፣ በበርኒዝ ማውንቴን ዶግና በጀርመን ሼፐርድ ዘንድ የተለመደ ሲሆን፣ ወንዶቹን ከሴቶቹ ይበልጥ ያጠቃል። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 10 ወር ባለው ዕድሜ ይጀምራል። ውሻው ካረፈ በኋላ ሲነሣ እግሩ ይደርቅበታል፣ ብዙ ከሮጠ በኋላ ያነክሳል፣ ሲቆም ደግሞ መዳፉን ወደ ውጭ አዙሮ ክርኑን ወደ ደረቱ ያስጠጋል። ሁለቱም ክርኖች በአንድ ጊዜ ሲታመሙ ውሻው የትኛውንም እግር ለይቶ ስለማያነክስ፣ ባለቤቱ እንስሳው ሰነፍ ወይም ጭምት የሆነ ሊመስለው ይችላል። ራጅ ሲነሣ ጤነኛ የሚመስለው ወገንም አብሮ መነሣት ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

የምስሉ ጥራት የሚወሰነው ውሻው ጠረጴዛው ላይ ሲተኛ ነው። የሚመረመረው እግር ከሥር እንዲሆን ውሻው በጎኑ ይተኛል፤ የላይኛው እግር ወደ ኋላ ይሳባል፣ አንገቱም ጥላውን በመገጣጠሚያው ላይ እንዳይጥል ወደ ኋላ ይቃናል። ከዚያ ክርኑ በሁመረስና በራዲየስ መካከል 45 ዲግሪ ያህል ማዕዘን እስኪቀር ድረስ ይታጠፋል። ይህ እጥፋት ለይምሰል የሚደረግ አይደለም፤ እግሩ ሲዘረጋ በአንኮኒያል ጉጥ ላይ የሚያርፈው የሁመረስ ጥላ ከቦታው ይነሣና የበሽታው የመጀመሪያ አሻራ የሚበቅልበት የጉጡ የላይኛው ጠርዝ ጥርት ብሎ ይታያል። ክርኑ በትንሹ እንኳ ወደ ጎን ከተጠማዘዘ የሁመረስ ሁለት ጎኖች መደራረባቸው ቀርቶ ተነጣጥለው ስለሚታዩ፣ እንዲህ ያለ ምስል ጤነኛውን በሽተኛ፣ በሽተኛውንም ጤነኛ ሊያስመስል ይችላል፤ መድኃኒቱም እንደገና ማንሣት ብቻ ነው። ከዚህ ሌላ ክርኑ ተዘርግቶ ወይም በመጠኑ ታጥፎ የሚነሣ የጎን ምስል፣ እንዲሁም እግሩ 15 ዲግሪ ያህል ወደ ውስጥ ዞሮ ከፊት ወደ ኋላ የሚነሣ ምስል ይጨመራል፤ የሁመረስ ውስጠኛ ጫፍ ጉድለት ጎልቶ የሚወጣው በዚህኛው ላይ ነው። የታመመን ክርን እንዲህ አጥፎ መያዝ ስለሚያሳምም ለውሻው የሚያደነዝዝ መድኃኒት መስጠት ተገቢ ነው፤ እንስሳው ረግቶ ሲተኛ ሰው በእጁ ይዞት ለጨረር መጋለጡም ይቀራል።

ምስሉን በማንበብ ረገድ ቀላሉ የአንኮኒያል ጉጥ አለመጋጠም ነው። በጀርመን ሼፐርድና በመሰል ትልልቅ ዝርያዎች ይህ ጉጥ ራሱን ችሎ አጥንት መሆን ይጀምርና ከ16 እስከ 20 ሳምንት ባለው ዕድሜ ከአልና ጋር ይዋሐዳል። ስለዚህ በ3 ወር ቡችላ ላይ በጉጡና በአልና መካከል የሚታይ ጥቁር መስመር የጤና ምልክት ሲሆን፣ ያው መስመር ከ20 ሳምንት በኋላ ከታየ ግን በሽታ ነው። የውሻውን ትክክለኛ ዕድሜ ሳያውቅ ፍርድ የሚሰጥ አንባቢ በቀላሉ ይሳሳታል።

አስቸጋሪው የኮሮኖይድ ጉዳት ነው፤ በክርን ዲስፕላዥያ ውስጥ በብዛት የሚገኘውም እርሱ መሆኑ ነገሩን ያከብደዋል። ትንሿ ጉጥ በራዲየስ ራስ ጥላ ውስጥ ስለምትሸፈን ስንጥቁ ወይም ስብርባሪው በራጅ በቀጥታ የሚታየው አልፎ አልፎ ነው። ከዚህም በላይ ራጅ ካልሲየም የበዛበትን አጥንት እንጂ ልም አጥንትን አያሳይም፤ ጉዳቱ ገና በልም አጥንቱ ላይ ከሆነ ምስሉ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ሐኪሙ በዚህ ጊዜ የሚፈልገው ተዘዋዋሪ ምልክቶችን ነው። ከአልና ጎድጓዳ በታች ያለው አጥንት ጫና ስለበዛበት ይጠጥራል፤ በጤነኛ ክርን በዚያ ቦታ የሚታየው የአጥንት ስስ መረብ ደብዝዞ አካባቢው ነጭ ሆኖ ይታያል። የኮሮኖይድ የፊት ጠርዝም ጥርት ያለ መስመሩን አጥቶ ይደበዝዛል። ቀጥሎ በመገጣጠሚያው ጠርዞች ላይ፣ በተለይ በአንኮኒያል ጉጥ ጀርባ፣ ኦስቲዮፋይት የሚባሉ ትርፍ የአጥንት ብቅሎች ይወጣሉ። እነዚህ ብቅሎች ሰውነት ለተናጋው መገጣጠሚያ የሰጠው ምላሽ በመሆናቸው፣ ከመጀመሪያው ጉዳት በኋላ ዘግይተው እንደሚመጡ መዘንጋት አይገባም።

ምስሉ ንጹሕ ሆኖ ውሻው ግን ማነከሱን ካላቆመ፣ ጤነኛ ነው ብሎ ማሰናበት ትልቅ ስሕተት ነው። አጥንቱን በስስ ንብርብር ከፋፍሎ የሚያሳየው ሲቲ ስካን የራዲየስን ጥላ ስለሚያስወግድ የኮሮኖይድን ስንጥቅ ይገልጣል፤ አርትሮስኮፒ የሚባለው ቀጭን ካሜራ ወደ መገጣጠሚያው የሚገባበት ዘዴ ደግሞ የልም አጥንቱን ገጽ በቀጥታ ያሳያል። በሌላ በኩል ማነከስ ሁሉ ከክርን አይመጣም። በእነዚሁ ዝርያዎች ወጣቶች ላይ ፓንኦስታይተስ የሚባል፣ በረጃጅም አጥንቶች ውስጥ የሚነሣና አብዛኛውን ጊዜ በራሱ የሚጠፋ ሕመም አለ፤ በራጅ ላይ በአጥንቱ ቦይ ውስጥ ነጣ ያለ ጥላ ሆኖ ይታያል። ሁለቱ በአንድ ውሻ ላይ ሊገኙ ስለሚችሉ፣ አንዱን ማግኘት ሌላውን መፈለግ ሊያስቀር አይገባም።

ራጅ ከሕክምና ውጭ ሌላ አገልግሎትም አለው፤ ለእርባታ የሚመረጡ ውሾችን መለየት። በ1989 በካሊፎርኒያ ዴቪስ የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የክርን ጥናት ቡድን ባወጣው አሠራር መሠረት፣ ቢያንስ 12 ወር የሞላው ውሻ ክርን ከ0 እስከ 3 ደረጃ ይሰጠዋል። ብቅልም ሆነ ሌላ ለውጥ የሌለበት ክርን 0 ሲሆን፣ ከ2 ሚሊ ሜትር ያነሰ ብቅል ያለበት 1፣ ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ያለበት 2፣ ከዚያ የበለጠ ያለበት ወይም የጉጥ መሰበርን የመሰለ ግልጽ ጉዳት የሚታይበት 3 ይባላል፤ ሁለቱ ክርኖች ከተለያዩ የውሻው ደረጃ የባሰው ነው። በብሪታንያ ተመሳሳይ መርሐ ግብር በ1998 የተጀመረ ሲሆን፣ በአሜሪካ በ1966 የተቋቋመው የእንስሳት ኦርቶፔዲክ ፋውንዴሽን ቋሚ የምስክር ወረቀት የሚሰጠው ውሻው 24 ወር ሲሞላው ነው፤ ብቅሎቹ ከዕድሜ ጋር ስለሚጎሉ ይህ መዘግየት ተገቢ ጥንቃቄ ነው።

የክርን ዲስፕላዥያ በዘር የሚተላለፍ ቢሆንም በአንድ ዘረመል ብቻ የሚወሰን አይደለም። ቡችላን ከመጠን በላይ መቀለብ፣ የሰውነቱ ክብደት በፍጥነት እንዲጨምር ማድረግ፣ በምግቡ ላይ ያልታዘዘ ካልሲየም መጨመርም ያባብሰዋል። በዚህ ምክንያት 0 ያገኘ ውሻ እንኳ የበሽታውን ዘረመል ተሸክሞ ለልጆቹ ሊያወርስ ይችላል፤ ከአንዱ ውሻ ምስል ይልቅ የወላጆቹ፣ የወንድም እኅቶቹና የልጆቹ ውጤት ተጣምሮ የሚሰጠው መረጃ የሚበልጠውም ለዚህ ነው። ጀርመን ሼፐርድ በኢትዮጵያ ከተሞች ለግቢ ጥበቃ የሚፈለግ ዝርያ በመሆኑ ጉዳዩ ለአገሩ ገዢም ሩቅ አይደለም፤ ቡችላ ሊገዛ የሚመጣ ሰው የእናትና የአባቱን ቁመትና ቁጣ ብቻ ሳይሆን የሁለቱንም ክርኖች የራጅ ውጤት፣ ምስሉ የተነሣበትንም ዕድሜ ጭምር ሻጩን መጠየቅ ይኖርበታል።