በተሳቢ የሚጓዝ ጀልባ፦ ከማንጸባረቁ በፊት ማጽዳቱ

በጋው ሲያበቃ በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት ጀልባዎች ከሐይቅ ወጥተው በተሳቢ ላይ ይጫናሉ። ያን ጊዜ የብዙዎቹ ገበና ይገለጣል። ጎናቸው ይደበዝዛል፤ ሲዳብሷቸው እጅ ላይ ነጭ ዱቄት ይቀራል፤ ውሃው ይደርስበት በነበረው መስመር ደግሞ ቡናማ ቀለበት ይታያል። ያገለገለ ጀልባ ሊገዛ የመጣ ሰው «አርጅቷል» ብሎ ፊቱን ሊያዞር ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ያረጀው ቆዳው ብቻ ነው።

የፋይበርግላስ ጀልባ የውጭ ልባስ ጄልኮት ይባላል። ቀለም የገባበት ሙጫ ሲሆን ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረርና ኦክስጅን የላይኛውን ገጽ ሞለኪውላዊ ሰንሰለት ይበጣጥሱታል፤ ነጩ ዱቄት የዚህ ውጤት ነው። ከሥሩ ያለው ክፍል ግን ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ስለሆነ እድሳት ማለት የሞተውን ገጽ በስሱ መግፈፍ ነው።

ቡናማው ቀለበት ብዙውን ጊዜ ብረት፣ አልጌና ከበሰበሰ ቅጠል የሚወጣ ታኒን የተዉት ምልክት ነው። ኦክሳሊክ አሲድ ያለበት ማጽጃ ያስለቅቀዋል። ጓንትና የዓይን መከላከያ ያስፈልጋል። አሲዱን ከበረኪና ጋር መቀላቀል ግን ፈጽሞ አይገባም፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣልና። የተሳቢውን የዚንክ ልባስም ስለሚበላ ወዲያው በብዙ ውሃ መታጠብ አለበት።

ድብዘዛው ቀላል ከሆነ ማለስለሻ ቅባትና መወልወያ ማሽን ይበቃሉ። ከባድ ከሆነ ውሃ እያስነኩ በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ ይቀድማል፤ ከ800 ቁጥር ተነሥቶ ወደ 1000 እና 1500፣ ማለትም ወደ ለስላሳው። ሰም የመጨረሻው ነው። ብዙዎች ቸኩለው በዱቄቱ ላይ ሰም ይቀባሉ፤ ጥቂት ያብለጨልጭና ይከዳቸዋል። ማዕዘኖች ላይ እጅን ማቅለል ብልህነት ነው፤ የተፋቀ ጄልኮት ተመልሶ አይበቅልም። ከውሃው መስመር በታች እባጭ ከታየ ግን ውሃ ወደ ውስጥ ሰርጿል ማለት ሊሆን ስለሚችል ጉዳዩ ከመወልወል ያልፋል።

ከውበቱ የሚቀድም ሌላ ጉዳይ አለ። ከጥቁርና ከካስፒያን ባሕር አካባቢ የመነጨው ዜብራ መስል የተባለ ባለዛጎል ፍጥረት በ1988 እ.ኤ.አ. በአሜሪካና በካናዳ መካከል ባለው የሴንት ክሌር ሐይቅ ተገኘ። በጀልባ አካል ላይ ተጣብቆ ከሐይቅ ሐይቅ ይሻገራል፤ የውሃ መሳቢያ ቱቦዎችን ይደፍናል። እጮቹ በዓይን ስለማይታዩ በጀልባ ውስጥ የቀረ ጥቂት ውሃ ይበቃቸዋል። እምቦጭ በጣና ላይ ያደረሰውን ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ስለዚህ የሚኒሶታ ሕግ ጀልባው መንገድ ከመጀመሩ በፊት ተክሉ እንዲነቀልለት፣ ውሃው እንዲንጠፈጠፍና የማፍሰሻው ውታፍ ወጥቶ እንዲጓዝ ያዝዛል። ወደ ሌላ ሐይቅ ከመግባቱ በፊት ቢያንስ አምስት ቀን ማድረቅ ወይም በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቅ ውሃ ማጠብ ይመከራል። እጥበቱ ከሐይቁ ራቅ ብሎ ይሁን። ሲታጠብ የሚረሳው ጀልባው የሚያርፍበት ምንጣፍ የለበሰ የተሳቢው ድጋፍ ነው፤ እርጥበት ይዞ የሚቆየውም እርሱ ነው።